የጥበቃ ሠራተኛው የተጋበዙበት ዐውደ ጥናት፦ በሱሉልታ ስለገዛነው የሁለት ቀን የስጋት ግምገማ አገልግሎት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገንዘብ ከፍለን ባሠራነው የመጀመሪያው የስጋት መዝገባችን ውስጥ፣ ተራ ቁጥር 31 ላይ «የባሕር ማዕበል» የሚል ተጽፎ ነበር። የወተት ፋብሪካችን ያለው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ በጎጃም መንገድ የሚወርድ ሰው የሚደርስበት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ማዕበሉ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ወተታችንን የሚጠጣ ሰው አይተርፍም። ያን መዝገብ ያዘጋጀው አማካሪ ሰነዱን ከሌላ አገር የወደብ ድርጅት ገልብጦ የእኛን ስም ለጥፎበት እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው፤ ፋይሉ ግን ማኅተም ተመቶበት መደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጧል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ደንበኛችን «በአይኤስኦ 45001 (በዓለም አቀፉ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ደረጃ) መሠረት የተሠራ የስጋት ግምገማ አሳዩኝ» ሲለን፣ አዲስ አማካሪ ድርጅት የመቅጠሩን ነገር በጥርጣሬ ነበር የተቀበልኩት። እኔ የምርትና የጥገና ኃላፊ ነኝ፤ ወተት ማቀነባበር ውስጥ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ያ አዲሱ ድርጅት ስለሰጠን የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የመጨረሻውን ክፍያ በተመለከተ ገና አልተስማማንም፣ በጠብ መሐል ስም መጥራት ደግሞ አልወድም። ዋጋው ግን፣ ለማነጻጸር ያህል፣ ለማቀዝቀዣ ክፍላችን ኮምፕሬሰር ልንገዛ ስንጠይቅ ከተነገረን ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሥራ አስኪያጃችን «ሁሉንም ስጋት አጥኑልን» አሉ፤ የዶላር እጥረቱን፣ የመኖ ዋጋን፣ የእሳት አደጋን፣ የሠራተኛ ፍልሰትን፣ ሁሉንም። ዐውደ ጥናቱን የሚመራው የድርጅቱ አወያይ ማስታወሻ ደብተሩን አልከፈተም። «ከዚህ ዐውደ ጥናት ማግስት የምትወስኑት ውሳኔ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዝም ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኔም መልስ አልነበረኝም። ከብዙ ንግግር በኋላ በጀት የሚያዝበት ወር መቅረቡ፣ ገንዘቡም በአራት ቦታዎች መካከል እንደሚከፋፈል ወጣ፦ የአሞኒያ ማቀዝቀዣው ክፍል፣ የኬሚካል እጥበቱ፣ ቦይለሩና ወተት የምንረከብበት ግቢ። «እንግዲህ ሁለት ቀን ለአራት ነገር ነው። የዶላሩን ጉዳይ ለባንክ ተዉት» አለ። ሥራ አስኪያጁ ቅር አላቸው። እኔ ግን ይህ ድርጅት ከቀድሞው አማካሪ እንደሚለይ የመጀመሪያውን ምልክት ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምልክት የመጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ወተት የሚያመጡት መኪኖች የሚደርሱትና የሌሊቱ ፈረቃ እጥበቱን የሚጨርሰው በዚያ ሰዓት ነው። አወያዩና ረዳቱ በሱሉልታ ጭጋግ ውስጥ ጋቢ ደርበው መጡ። ልብ በሉ፣ ይህ ከዐውደ ጥናቱ አንድ ሳምንት በፊት ነው፤ በውሉ ላይ «የቅድመ ጉብኝት» ከምትል አንዲት መስመር በቀር ምንም አልተጻፈም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው አዩ። አንድም ሰው አላረሙም። ረዳቱ አፋን ኦሮሞ ስለሚችል ከአሽከርካሪዎቹና ከእጥበት ሠራተኞቹ ጋር ቡና እየጠጣ ሲያወራ ቆየ። በኋላ እንደታዘብኩት፣ የዐውደ ጥናቱ ግማሽ ያለቀው በዚያ ቡና ላይ ነው።

ከዚያ የተጋባዦቹን ዝርዝር ጠየቁኝ። 14 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ጠረጴዛና ወንበር ያላቸው ናቸው። አወያዩ ስድስቱን ሰረዘ፤ በምትካቸው አራት ሰዎች አስገባ፦ አንዲት የሌሊት ፈረቃ እጥበት ሠራተኛ፣ የቦይለሩን ሠራተኛ፣ አንድ የወተት መኪና አሽከርካሪና የበሩን ጥበቃ። የሰው ኃይል ክፍላችን «ጥበቃ ስለ አሞኒያ ምን ያውቃል?» ብሎ ተከራከረ። እኔም በልቤ ከክፍሉ ጋር ነበርኩ፤ ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው።

አበል የሚባለውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር ስብሰባ የፊርማ ወረቀት ከዞረ ሰው ልቡ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ሲፈርም ይመጣል፣ ፈርሞ ይሄዳል። ድርጅቱ አስቀድሞ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ለሁሉም እኩል የመጓጓዣ ክፍያ፣ በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ፤ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ደግሞ ሁለቱ ቀናት እንደ ሥራ ቀን ተቆጥረው፣ ዋዜማው ሌሊት እረፍት እንዲሆንላቸው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለምርት ክፍሌ ራስ ምታት ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በርሜል ሲያጥብ ያደረን ሰው ጠዋት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ሐሳብ መጠየቅ እንቅልፉን ከመስረቅ በስተቀር ጥቅም የለውም።

አዳራሹ በዋናው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ሆቴል ነው። ስለ እርሱ ብዙ አልልም። ወንበሮቹ ለሠርግ የተዘጋጁ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቀን ምሳ በጣም ከብዶ ከሰዓት በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት በእንቅልፍ አሳልፈናል፤ የረቡዕ የጾም በያይነቱ ግን ድንቅ ነበር። መብራት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጠፋ። አወያዩ ያዘጋጀው የኮምፒውተር ማሳያ ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ እርሱም የተገላገለ ይመስል ትልልቅ ወረቀቶች አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ ሰዎቹንም ከወንበራቸው አስነሣ። መብራቱ ሲመለስ ማሳያውን ማንም አልጠየቀም።

የጀመረው ከቃላት ነው። በአማርኛ «አደጋ» የምንለው ለሁሉም ነገር መሆኑን አስታወሰን፤ ለደረሰውም፣ ሊደርስ ለሚችለውም፣ ለሚያደርሰውም። በቤት ምሳሌ ለየው። ምድጃ ላይ የተጣደ የፈላ ውኃ የጉዳት ምንጭ ነው። በአጠገቡ ሕፃን ሲድህ ስጋት ይሆናል፤ ስጋቱ ምን ያህል ነው ብለን የምንጠይቀውም ሕፃኑ የመድረስ ዕድሉንና ውኃው ቢደፋ የሚያደርሰውን ጉዳት አንድ ላይ አይተን ነው። ከተደፋ አደጋ ደረሰ። ከዚህ ምሳሌ በኋላ እስከ ሁለተኛው ቀን ማታ ድረስ አንድ ሰው «አደጋ» ሲል ሌላው «ውኃው ነው ወይስ ሕፃኑ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ቀደም በእንግሊዝኛ በሰጡን ሥልጠናዎች ይህ ልዩነት ገብቶን አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሥራ አስኪያጁ መክፈቻ ንግግር አድርገው፣ «የምትናገሩት ነገር ማንንም አያስቀጣም» ብለው በሁሉም ፊት ቃል ከሰጡ በኋላ እንዲወጡ ተጠየቁ። ወጡ። ቡና ሊጠጡ ይሆናል፣ አላውቅም፤ የተመለሱት በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነው። እኔን ግን ያስቀመጡኝ ከኋላ ሲሆን መመሪያዬም «ካልተጠየቅሽ አትናገሪ» የሚል ነበር። ለእኔ ከባድ ቅጣት ነው።

ማንም አፉን ሳይከፍት በፊት እያንዳንዱ ሰው ካርድ ላይ ሦስት ነገር ይጽፋል፤ ወይም መጻፍ የማይቀናው ሰው ለረዳቱ ጥግ ላይ ሄዶ በቋንቋው ይነግረዋል። ካርዶቹ ስም የለባቸውም። ይሉኝታ በሚገዛን ሰዎች መካከል ይህች ትንሽ ዘዴ ምን ያህል እንደምትሠራ ያየሁት እጥበቱ ላይ ስንደርስ ነው። አንድ ካርድ ተነበበ፦ «በረኪናና አሲድ አንድ ዓይነት ጄሪካን ውስጥ ናቸው።»

አንባቢ እንዲገባው ላብራራ። የወተት ቧንቧና ታንክ የሚታጠበው ሳይፈታ፣ በውስጡ ኬሚካል እየዞረ ነው። መጀመሪያ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ቅባቱን ያነሣል፤ ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ከወተቱ የሚቀረውን የማዕድን ድንጋይ ያሟሟል፤ በመሐል በውኃ ይለቀለቃል። ወለልና ዕቃ ለማጽዳት ደግሞ በረኪና አለ። አሲድና ኮስቲክ በቀጥታ ከተገናኙ በኃይል ይግላሉ፣ ይረጫሉ። በረኪናና አሲድ ከተገናኙ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህን እኔ አውቃለሁ። ግድግዳ ላይም ለጥፌዋለሁ።

ካርዱ ሲነበብ ዝምታ ሆነ። አወያዩ አልቸኮለም። በመጨረሻ እጥበት ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ በጥቅምት አንድ ሌሊት ዓይኔ ሲያለቅስ አደረ። ጉሮሮዬም ተዘጋ። የጄሪካኑ ወረቀት ታጥቦ ለቆ ነበር፣ በረኪና መስሎኝ አሲዱን በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ውጭ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ኬሚካል አባከንሽ ተብሎ ከደመወዜ ይቆረጣል ብዬ ነው ያልነገርኩት» አለች። በጥቅምቱ መዝገባችን ላይ ያ ሌሊት «ሰላም» ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ፊርማው የእኔ ነው።

ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ እንደ ልማዳችን ነበር፦ «ጓንት ይገዛ»፣ «ሥልጠና ይሰጥ»፣ «ጥንቃቄ ይደረግ»። አወያዩ ግድግዳው ላይ አምስት ደረጃ ያለው ወረቀት ለጥፎ ነበር። ከላይ ምንጩን ማስወገድ፣ ቀጥሎ በሌላ መተካት፣ ቀጥሎ በመሣሪያ መከላከል፣ ከዚያ በአሠራርና በሥልጠና፣ ከሁሉም በታች ጓንትና መነጽር። ደንቡ ከላይ ያሉት ሳይጠየቁ ከታች መጻፍ አይቻልም የሚል ነው። ሁለት ጊዜ ጓንት ብለን ሁለቴ ተመለስን። በሦስተኛው የቦይለሩ ሠራተኛ፣ የአሲዱና የኮስቲኩ ቱቦ ማገናኛ መጠናቸው ቢለያይ አንዱ በሌላው ላይ እንደማይገባ ተናገረ። ማገናኛውን ከመርካቶ ገዝተን፣ ሁለት ጥርስ አስቀይረን፣ በአንድ ቅዳሜ ጨረስነው። በረኪናው ደግሞ ሌላ ክፍል ገባ፤ ቁልፉ የተለየ ነው።

አሁን ወደ ጥበቃው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፤ ሙሉውን የመጀመሪያ ቀን ከዘራቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀመጡ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት የአሞኒያው ተራ ሆነ። አሞኒያ ለማቀዝቀዣ ሥራ ጥሩ ጋዝ ነው፤ ውኃ ያለበትን ነገር ሁሉ ግን ይወዳል፣ ዓይንን፣ ጉሮሮን፣ ሳንባን። በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 300 እጅ ሲደርስ ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ ተብሎ ይመደባል። ጋዙ በባሕርዩ ከአየር ይቀላል፤ ፈሳሹ በኃይል ሲያፈተልክ ግን ቀዝቅዞ እንደ ጉም መሬት ለመሬት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሚሸሸው ነፋሱን ተሻግሮ፣ ወደ ነፋሱ መምጫ ነው።

የደኅንነት ኮሚቴያችን የመሰብሰቢያ ቦታ ብሎ የወሰነው በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ሜዳ ነበር፤ አረንጓዴ ሰሌዳም ተክለናል። አወያዩ የግቢውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሥሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ሌሊት ሲጠብቁ ሽታ ያገኝዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ያገኘኛል እንጂ። ሲመሽ ነፋሱ ከማሽኑ ቤት ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይዞራል። ትንሽ ሲሸተኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ላይኛው አጥር እሄዳለሁ» አሉ።

«ይህን ለማን ነግረው ያውቃሉ?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ሌሊት ላይ አሞኒያ ቢያፈተልክ 20 ሰው አስወጥተን የምንሰበስበው ጉሙ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በተዘጋ በር ፊት ነበር ማለት ነው። የሚያሳፍረኝ ሰሌዳውን ሳንተክል መሐንዲስ አማክረን ነበር። መሐንዲሱ የመጣው ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ነፋሱ በዚያ ሰዓት ወደ ሌላ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ለዚህ አገልግሎት ከአምስት ኮከብ አምስት እሰጥ ነበር። ወቀሳዬ የሚጀምረው ከነጥብ አሰጣጡ ነው። ዕድልን ከ1 እስከ 5፣ የጉዳት ክብደትን ከ1 እስከ 5 ሰጥቶ ማባዛት፤ ይህ ሁሉም የሚያውቀው ባለ 25 ሳጥን ሠንጠረዥ ነው። ዕድልን የሚጠይቁበት መንገድ ጥሩ ነው፤ «አልፎ አልፎ» አይሉም፣ «ባለፉት አምስት ዓመታት እዚህ ግቢ ሲሆን ያየ አለ?» ይላሉ። ማባዛቱ ግን ያስታል። በርጥብ ወለል ላይ በየሳምንቱ የሚንሸራተት ሰው 5 ጊዜ 1 አምስት ነው። ብዙ ሰው ሊገድል የሚችል፣ በእኛ ግቢ ደርሶ የማያውቅ የአሞኒያ ፍንጣቂ 1 ጊዜ 5፣ እርሱም አምስት ነው። አወያዩ በቃሉ ይህን ነግሮናል፤ «ክብደቱ 5 የሆነውን ሁሉ ነጥቡን ሳታዩ ለብቻ አንሡት» ብሎናል። በመጨረሻው ሪፖርት ግን ሁሉም በብዜት ውጤት ተደርድሮ መጣ፤ አሞኒያው ዘጠነኛ፣ የተሰበረው የመኪና ማቆሚያ አጥር ሦስተኛ። በጀት የሚያጸድቁት ሰዎች የሚያነቡት ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ነው። ደውዬ ስናገር «ቅጹ ራሱ ነው የሚደረድረው» የሚል መልስ ሰጡኝ። ተናደድኩ።

ቦይለሩ ደግሞ ተበደለ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ 40 ደቂቃ ብቻ ደረሰው። የቦይለር ትልቁ ፍርሃት ውኃው ማነሱ ነው፤ ቱቦዎቹ ከጋሉ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ከተለቀቀበት ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚያደርሰውን ነገር ሠራተኛው በሚገባ ያውቃል። የውኃ መጠን ማሳያው መስታወት መደብዘዙን መናገር ጀምሮ ሳይጨርስ ሰዓት አለቀ ተባለ። ለሁለት ቀን አራት ነገር ያሉት እነርሱ ናቸው፤ ግማሽ ቀኑን አሞኒያው ከበላው ሦስተኛ ቀን መጠየቅ ነበረባቸው። መስታወቱን በኋላ በራሳችን ቀየርነው።

የሪፖርቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ሳምንት ይደርሳል ተብሎ በ27ኛው ቀን ደረሰ። 61 ገጽ ነው፣ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ። ውኃና ሕፃን ብለን በአማርኛ የተግባባንበት ነገር ሁሉ ተመልሶ ባዕድ ሆነ። እጥበት ሠራተኛዋ የተናገረችው በአንቀጽ መሐል «ደካማ የኬሚካል አያያዝ ባህል» በሚል ትርጉም ገብቷል፤ ጥፋቱ የእርሷ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደገኝነት እንዲያሳውቅና ጥንቃቄውን እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ማሳወቅ እንዴት ያለ ማሳወቅ እንደሆነ አላውቅም። ተጨቃጭቄ የሦስት ገጽ አማርኛ አገኘሁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው እርሱ ነው፤ 61ዱ ገጽ የባሕር ማዕበሉ ጎን ተቀምጧል።

ያው ሦስት ገጽ ግን ጥሩ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። 17 ሥራዎች አሉበት። በእያንዳንዱ ትይዩ የአንድ ሰው ስምና ቀን አለ። ስሞቹ የተጻፉት በዐውደ ጥናቱ መጨረሻ ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ተመልሰው በተቀመጡበት ነው፤ አንድ ሰው «የሚመለከተው ክፍል» ሲል አወያዩ «እርሱ ማን ነው? ስልክ ቁጥሩን ስጡኝ» እያለ አስቸገረን። በሦስተኛው ወር 11ዱ አልቀዋል። ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

መሰብሰቢያው ወደ ላይኛው አጥር ተዛወረ፤ በዚያ በኩል ትንሽ በር አስከፍተናል። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ነገር ለመግዛት ዋጋ እያፈላለግን ሳለ ጋሼ ከማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሰቀሉት። ሌሊት እንዲታይ ከሥሩ አምፖል አስገጥመንለታል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ፤ ለጉብኝቱና ለአዳራሹ ውይይት አምስት፣ ለሪፖርቱ ሁለት። በሚቀጥለው ዓመት ለማከፋፈያ መጋዘናችን እነርሱኑ ለመጥራት አስቤያለሁ። ረቂቅ ውሉን ጀምሬዋለሁ፦ ሪፖርት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከ10 ገጽ የማይበልጥ፣ በክብደት የተደረደረ፣ በ10 ቀን ውስጥ፤ ከዘገየ የመጨረሻው ሩብ ክፍያ አይከፈልም። የአሁኑን ሩብ ደግሞ የአሞኒያውን ተራ ቁጥር አስተካክለው እስኪልኩልኝ ድረስ ይዤዋለሁ።